ዘጠኙ ቁጥሮች ያሉበት ግድግዳ

ቫሌንሲያ አጠገብ፣ መስከረም 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለራድካ

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአባታችንን ቤት እንደጠበቅሽ እግዚአብሔር አንቺንም ይጠብቅሽ። እኔና ኤሊና ደህና ነን። ብርቱካኑ ገና ለለቀማ አልደረሰም፤ እስከዚያው መጋዘን ውስጥ የተሰበረ ሳጥን ስንጠግን እንውላለን። ኤሊና «ልጄን ቬሊንን ሳሚልኝ በላት» ብላለች።

ይህን ደብዳቤ የምልከው በአውቶቡሱ ሾፌር በጋንቾ እጅ ነው። እሑድ እሑድ በስልክ ስንተያይ ቬሊን አጠገብሽ ስለሚቀመጥ የልቤን መጠየቅ አልቻልኩም። ልጅ ፊት ስለ ልጁ ማውራት ደግሞ ደስ አይለኝም። ስለዚህ ከእንግዲህ ቁም ነገሩን በወረቀት እናድርገው። ጋንቾ እንደሆነ በየሁለት ሳምንቱ ከእናንተ ወደ እኛ ይመላለሳል፤ ዕቃም ደብዳቤም ያደርሳል።

አሰልጣኝ ሚንኮቭ ደውሎልኝ ነበር። «ኦግኒያን፣ የልጅህ እግር ዐይን አለው» አለኝ። እትዬ፣ ይሄን ስሰማ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። በሰኔ ወር ሶፊያ ያለው ትልቁ አካዳሚ የአሥራ አራት ዓመት ልጆችን ሊፈትን ነው። ከእኛ አካባቢ የሚወስዱት ሁለት ብቻ ነው አሉ። ዘጠኝ ወር አለን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጓሮ ያለውን ግድግዳ መቼም አትረሺውም። አባባ በኖራ የጻፋቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ደብዝዘዋል። አድሺያቸው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሁለት መቶ ምት፤ አንቺ ቁጥር ትጠሪያለሽ፣ እሱ የጠራሽውን ይመታል። እኔን አባባ እንዳደረገኝ። አትሳቂ፣ ጥሩ ድምፅ አለሽ።

ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ታኬታ ልኬያለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ ቁመቱን በሩ መቃን ላይ ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ሚንኮቭ ትንሽ አጭር ነው ብሎኛል።

ወንድምሽ ኦግኒያን


ዶልኒ ብርያግ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016

ለወንድሜ ለኦግኒያን፣ ለኤሊናም

ሰላምታዬ እናንተ ዘንድ ሳይቀዘቅዝ ይድረስ። እናንተን በሰው አገር ያቆመ አምላክ ይመስገን። ወገቤ እንደ ልማዱ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል።

ቁጥሮቹን አድሻለሁ። ጎረቤታችን ጊና በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ራድካ፣ ምነው፣ ቤቱን ልትሸጪው ነው?» አለችኝ። «የለም፣ በስተርጅና ሒሳብ ልማር ነው» አልኳት። ስድስትን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ሆነ። ብሩሹ አባባ በጻፈበት መስመር ላይ ራሱ ሄደ፤ እጄ አልመራውም። ወርጄ እጄን ታጠብኩ።

ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ አዲስ የአባባ የሙት ወረቀት፣ ያው ፎቶና ጥቁር መስመር ያለበትን፣ ለጠፍኩ፤ አሮጌውን ዝናብ ጨርሶት ነበር፤ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ያንን ፊሽካው አንገቱ ላይ ያለበትን ፎቶ ነው ያወጣሁት። ቬሊን ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቆሞ አየውና «አክስቴ፣ ሲሞትም ፊሽካውን አላወለቀም?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶውን እንመታለን። እኔ ቀሚሴ ላይ ካፖርት ደርቤ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። «ሦስት!» ስል ዷ! «ሰባት!» ስል ዷ! ዐይኔን ጨፈን ሳደርግ አንተ የተመለስክ ይመስለኛል። ሃያ አምስት ዓመት ድምፁ ምንም አልተለወጠም። ቅዳሜ ከሩሴ ከተማ ልጆች ጋር ተጫውተው ሁለት ጎል አገባ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነው።

የበርበሬና የቲማቲም ሉቴኒጻ አምስት ጠርሙስ ልኬያለሁ፣ ዘንድሮ ቃሪያው ጣፋጭ ነበር። ወፍራም ካልሲ ላክለት፤ ልጁ ብርድ ብርድ ይለዋል።

እህትህ ራድካ


ቫሌንሲያ አጠገብ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016

ለእህቴ ለራድካ

እትዬ፣ ለምለም እጅሽ ይባረክ። ሉቴኒጻው ሦስት ቀን አልቆየም። አንዱን ጠርሙስ ለሞሮኳዊው ጓደኛዬ ሰጠሁት፣ «እህትህን አግባኝ» ብሎኛል፤ አስቢበት።

ሁለት ጎል ብለሽ ጻፍሽ። ሚንኮቭ ግን በሁለተኛው አጋማሽ ቀየርኩት አለኝ። ለምን እንደተቀየረ አልነገርሽኝም። ደክሞት ነው? በመጨረሻው ጨዋታም ሜዳ ላይ ቆሞ ሌላ ቦታ ያያል ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሌላ ቦታ ምን ያያል? ሰው በደንብ ከበላና በጊዜ ከተኛ አይደክምም። አሁን ከሚንኮቭ ጋር ተስማምተናል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከቡድኑ ልምምድ በኋላ ለብቻው አንድ ሰዓት ይጨምርለታል። እሑድ ደግሞ ጭንቅላት ኳስ።

በስልክ እንደነገርሽኝ ቁመቱ ከጥቅምት ወዲህ ምንም አልጨመረም። በደንብ እየለካሽ ነው? ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጊ። በሩ ላይ ብረት አስሠሪለት፣ ጠዋት ጠዋት ይንጠልጠል፤ እኔንም አባባ ያንጠለጥለኝ ነበር፣ አራት ሣንቲሜትር ጨምሬበታለሁ።

ለገና መምጣት አልቻልንም። ብርቱካኑ አሁን ነው የሚለቀመው። ቬሊን ቅር እንዳይለው፤ ሰኔ ላይ ሶፊያ ሜዳው ዳር ቆሜ አየዋለሁ በይልኝ።

ወንድምሽ ኦግኒያን


ዶልኒ ብርያግ፣ ጥር 29 ቀን 2017

ለወንድሜ ለኦግኒያን፣ ለኤሊናም

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ። በመዘግየቴ አትቀየመኝ። ጋንቾ ስንት ጊዜ መጥቶ ሄደ፣ ደብዳቤውም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።

ቬሊን ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ትምህርቱን ይማራል። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት ብቻ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ የበላውን ይመልሰዋል። ከግራ ጆሮው በላይ ደግሞ የሳንቲም ያህል ቦታ ጠጉሩ ተመልጧል። ወደ ሐኪሟ ወሰድኩት። «የሚያስጨንቀው ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም፣ ኳስ ነው የሚጫወተው» አልኳት። ቪታሚን ሰጠችን።

ጠዋት ምቱን አላቋረጥንም። ባለፈው ሰኞ ግን መቶ አርባ ላይ ቆመና ኳሱን በእጁ ያዘ።

«አክስቴ፣ አባዬ ስንት ዓመቱ ላይ ነው ያቆመው?»

«አሥራ ሰባት» አልኩት።

«እኔ ሦስት ዓመት ቀረኝ ማለት ነው» አለና መቶ አርባ አንደኛውን መታ።

«አምስት!» ብዬ ጠራሁ።

ኦግኒያን፣ ይሄን ስጽፍልህ አትሳቅብኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ ቤቱ ባዶ ሲሆን ከጓሮ ዷ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም፣ ኳሱም መረቡ ውስጥ ነው። ተመልሼ ድንች ስልጥ ደግሞ ይጀምራል። በር ላይ አባባ ፊሽካውን አንጠልጥሎ ያያል። ቬሊን «አክስቴ፣ ፎቶውን ወደ ውስጥ እናስገባው» ብሎኝ ነበር። የሙት ወረቀት እንዴት ተነቅሎ ይገባል? አይሆንም አልኩት።

ሌላ ታኬታ አትላክ። ከቻልክ ቀለም እርሳስ ላክለት፣ ያን ሠላሳ ስድስት ዓይነት ያለውን። መሣል ጀምሯል።

እህትህ ራድካ


ቫሌንሲያ አጠገብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ለእህቴ ለራድካ

እትዬ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ጤና ይስጥልኝ። ጨዋታ ቀን ሆዱን የማይቆርጠው ተጫዋች የለም፤ እኔም ስንት ቀን አስመልሻለሁ፣ አባባም «ባዶ ሆድ ፈጣን ነው» ይለኝ ነበር። ጠጉሩ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ብቻሽን ስለሆንሽ ነው የሚሰማሽ፤ ድመት ነገር አሳድጊ።

እርሳሱን ከሰኔ በኋላ እልካለሁ። አሁን አርባ ቁጥር ታኬታ ልኬያለሁ፣ እግሩ አድጓል መቼም።

ስለ እኔ ሲጠይቅሽ ደግሞ ነገሩን አታስረዝሚበት። ጉልበቴ ልምምድ ላይ እንደተጎዳ ንገሪው። ሌላ ነገር አታውሪ። የድሮ ነገር ምን ያደርግለታል?

ሰኔ ሊደርስ አራት ወር ነው የቀረው። እባክሽ።

ኦግኒያን


ቫሌንሲያ አጠገብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017

ራድካ

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። የፋሲካ ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ ትወስጃለሽ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። በስልክ ስጠይቅሽም «ደህና ነው፣ ደህና ነው»። ትናንት እሑድ ጋንቾ ሲደርስ እኔና ኤሊና እንደ ሁልጊዜው ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ዕቃ ልንቀበል ቆመን ነበር። ጋንቾ ከአውቶቡሱ ወርዶ ዕቃውን ሳይከፍት ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ። ሁለት እጄን ያዘኝ።

«ኦግኒያን፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ምን እላለሁ? ምንም አልልም» አለኝ።

እኔ አንቺ መሰልሽኝ። «እህቴ ናት?» አልኩት።

«እሷማ ረቡዕ ለት ዕቃ ሰጥታኛለች፣ ያኔ ደህና ነበረች። ዓርብ ማለዳ ሰው ጭኜ ስወጣ ነው ያየሁት፣ ስታዲየሙ በር ላይ። ፎቶው፣ ጥቁሩ መስመር። መቆም አልቻልኩም እንጂ፣ ወርጄ ባነበብኩት። እንዲያው ምን አግኝቶት ነው? እንዲህ ያለ ልጅ!»

ኤሊና ከዕቃዎቹ መሃል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰዎች ውሃ አመጡላት። ስልኩን ስደውል ጣቴ ሦስት ጊዜ ሳተ። ጠራ፣ ጠራ። ከዚያ አንሥቶ «ሃሎ?» አለ።

«ቬሊን?»

«አቤት አባዬ።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እርሳስ እየቀረጽኩ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ኤሊና ቆይታ ደውላ ረጅም ሰዓት አወራችው፣ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም። ከትናንት ጀምሮ እኔን አታናግረኝም።

በሩ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው? ማን ነው የሠራው? የልጄን ፎቶ በጥቁር መስመር የከበበው ማን ነው? ሚንኮቭ ስልኬን አያነሣም። አሁን እንዳትዋሺኝ፣ በእናታችን አፈር።

ኦግኒያን


ዶልኒ ብርያግ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017

ለወንድሜ ለኦግኒያን

ክርስቶስ ተነሥቷል። ኀዘኑንም ድንጋጤውንም ከአንተና ከኤሊና ያርቅ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ጋንቾ ዐይኑ እንዲያ ፈጣን መሆኑን ባውቅ ኖሮ መንገዱ ላይ ተኝቼ አስቆመው ነበር።

ወረቀቱን የሠራው ልጅህ ነው። በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ጻፈው፣ የክለብ መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ለጠፈበት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄዶ በስታዲየሙ በር ላይ በሙጫ አጣበቀው። ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦

በጥልቅ ኀዘን እናስታውቃለን
እግር ኳስ ተጫዋች
ቬሊን ኦግኒያኖቭ
ስምንት ቁጥር
በአሥራ አራት ዓመቱ ከሜዳ ተለይቷል።
ቀብሩ ተፈጽሟል።
አበባ አታምጡ። ኳስም አታምጡ።
ከሐዘንተኛው ቬሊን

ሚንኮቭ ዓርብ ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሞ ጮኸ። «ክለቡን አላገጠበት! የከተማው መሳቂያ አደረገን!» አለ። «ንቀለዋ» አልኩት። ጥበቃው ሊነቅለው ሄዶ እጁን ዘርግቶ መለሰው አሉ፤ ሚንኮቭም ራሱ ሄዶ ሳይነቅለው ተመለሰ። አንተም ታውቃለህ፣ የሙት ወረቀት በሰው እጅ አይነሣም፤ ዝናብ እስኪያነሣው እዚያው ነው የሚቆየው። ዛሬም አለ። ልጆቹ ለልምምድ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያልፉት። አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ በሩ ሥር ሻማ አስቀመጠ ብላኛለች ጊና። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

አሁን የደበቅኩህን ሁሉ ልንገርህ።

ልጅህ አጭር አይደለም። ሲለካ ሱሪው ውስጥ ጉልበቱን ያጥፋል። አውቅ ነበር፣ ያጠፈውን ቁመት ነበር የምጽፍልህ። የላክሃቸው ሁለቱም ታኬታዎች አልጋው ሥር በካርቶናቸው ናቸው። ያን ሠላሳ ስምንት ቁጥር አሮጌውን ነበር የሚያደርገው፤ እግሩ አርባ ሆኖ። ካልሲውን ሳጥብ ደም አገኝ ነበር። «ጠቦኛል አትልም ወይ?» ስለው «ጣቴ ካበጠ ሚንኮቭ ያሳርፈኛል» አለኝ። ጠጉሩን ደግሞ የሚነጨው ራሱ ነው፣ ጠዋት ቁጥር ስጠራ፣ በግራ እጁ።

ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። ብነግርህ ትወስደዋለህ ብዬ ነው። ወደ ቫሌንሲያ ትወስደውና እኔ ከአባባ ፎቶ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ለራሴ ስል ነው ለልጁ ቁጥር የጠራሁት።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ እንደ ደንቡ ቀይና ነጩን ክር እጁ ላይ አሰርኩለት። ያበበ ዛፍ ሲያይ ዛፉ ላይ እንዲያስረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጁ ላይ የለም። «የት አሰርከው?» ስለው «ዛፍ ላይ» አለኝ። በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ ቀና ብል ክሩ የማገዶ ቤቱ ጣሪያ ጫፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሚስማር ጋር ታስሯል። ለምን እዚያ እንደወጣ አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኩሽና መስኮት አልተነሣሁም። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት መጣ፣ ቦርሳውን ጣለ፣ መሰላሉን ወጣ። እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ሮጬ ወጣሁ።

«ቬሊን፣ የኔ ጌታ፣ ውረድልኝ።»

«አክስቴ፣ ከዚህ ቢወድቁ ጉልበት ይሰበራል?»

ኦግኒያን፣ ያኔ ነው የነገርኩት። የከለከልከኝን ነገርኩት። ሐምሌ ወር 1991፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ቃሪያ ስልጥ፣ አንተ እዚያው ጣሪያ ላይ ወጣህ። ወደ ልምምድ የምትሄድበት ሰዓት ነበር። ዘለልክ። ተነሣህ፣ ልብስህን አራገፍክ፣ ምንም አልሆንክም። ከዚያ መሰላሉን እንደገና ወጣህ። እጄ ላይ ቢላዋ ነበር። ልጮህ እችል ነበር፤ ስምህን ብቻ ብጠራ ትወርድ ነበር። አልጠራሁም። አባባ ጓሮ ውስጥ ኖራ ሲበጠብጥ ነበርና ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘል ድምፁን ሰማሁት። እስከ ዛሬ ከጓሮ የምሰማው ያንን ነው መሰለኝ፤ ኳሱን አይደለም።

ሁለት ጊዜ መዝለልህን ስነግረው ልጁ ቁልቁል አየኝ። «ሁለት ጊዜ?» አለ። «አዎ» አልኩት። ቀስ ብሎ ወረደ። ሦስት ሳምንት ሲሥል ብቻ ነበር። እርሳሱን ያንተን አልጠበቅኩም፣ እኔ ገዛሁለት። ከዚያ ወረቀቱን ሠራ። አንተ ጉልበትህን ሰበርክ፤ እሱ ወረቀት ላይ ሞተና ጉልበቱን አተረፈ። አልቆጣውም። ከእኔም ከአንተም ይልቅ ብልህ ሆኖ አገኘሁት።

ሰኔ ላይ ሶፊያ አይሄድም። ይህን እኔ ወሰንኩ። ልትወስደው ከፈለግክ ና ውሰደው። ቁጥር ግን ከዚህ በኋላ አልጠራም።

እህትህ ራድካ


ቫሌንሲያ አጠገብ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017

ለእትዬ ለራድካ

በእውነት ተነሥቷል፣ እህቴ። ደብዳቤሽን ብርቱካን ማሸጊያው ጀርባ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ከዚያ ለኤሊና ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለት ጊዜ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለኤሊና እንኳ ልምምድ ላይ ነው ብያት ነበር። እትዬ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ሳልሰበር ስቀር ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ተናደድኩ። ሁለት መቶ ምት መትቼ አንድ ኢላማ የሳትኩ ያህል ነበር የተናደድኩት። አባባ ሆስፒታል መጥቶ ሐኪሙን «በስንት ሳምንት ይመለሳል?» አለው። ሚንኮቭም ያኔ የቡድናችን አምበል ነበር፣ መጥቶ «ለፍጻሜው ትደርሳለህ?» አለኝ። ጎረቤቱም፣ መምህሩም፣ ሁሉም የጠየቀኝ መቼ እንደምመለስ ነው። ሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ከዚያ በኋላ ራሴን አልጠየቅኩም።

አንቺን አልቀየምሽም። ያን ቀን ስሜን ብትጠሪ እንኳ የምወርድ አይመስለኝም። ግን ደግሞ አላውቅም።

ድምፁን እኔም እሰማለሁ። ሳጥኖቹ ከማጓጓዣው ላይ ሲወድቁ ዷ ይላሉ፣ እኔም ሳላስበው እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ ላይ ስደርስ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ሥራው ሰልችቶኝ ነው እል ነበር። ይሄን ሁሉ እየሰማሁ ነው «እሷ ድመት ታሳድግ» ብዬ የጻፍኩልሽ፤ አፈርኩ።

ወረቀቱ ከተለጠፈ ግንቦት 29 አርባ ቀን ይሆነዋል። በዚያው ቀን ጋንቾ ጠዋት ይደርሳል፣ ከእሱ ጋር እመጣለሁ። ስንዴ ቀቅዪ። ስኳር ነስንሺበት፣ ለማንኛውም ሙት እንደሚደረገው። ስታዲየሙ በር ላይ ቆመን ለሚያልፈው ሁሉ እንሰጣለን። ሚንኮቭም ይብላ። ከሳቀ ይሳቅ።

አባባ በሩ ላይ ይቆይ፤ ግን ሌላ ፎቶ ፈልጊለት። ዳኑብ ዳር ዓሣ ይዞ የተነሣው ነበር፣ መሳቢያው ውስጥ። ፊሽካ የሌለበት።

ኖራና ብሩሽ አዘጋጂልኝ። ግድግዳውን ሙሉውን ነጭ እቀባዋለሁ። አንቺ አትውጪበት፣ ወገብሽን ትጎጂዋለሽ።

ልጁን አልወስድብሽም፣ አይዞሽ። መጥቼ እጠይቀዋለሁ። የት መሆን እንደሚፈልግ ራሱ ይነግረናል።

ወንድምሽ ኦግኒያን


ዶልኒ ብርያግ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017

አባዬ፣

እንደምን አለህ? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት፤ ደብዳቤህን ስታነብ አለቀሰች፣ ከዚያ ጊናን ጠርታ ስለ ስንዴው መማከር ጀመሩ፣ አሁን ስንት ኪሎ ይበቃል ብለው እየተጣሉ ነው። ጊና ሃያ ትላለች። አክስቴ «የከተማውን ከንቲባ ነው እንዴ የምንቀብረው?» አለቻት።

ወረቀቴ እስካሁን አለ። ዝናብ ሁለት ቀን ዘንቦ ነበር፣ ጫፉ ብቻ ተላጠ። ፎቶዬ ላይ ውሃ ገብቶ ዐይኔ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። አንዳንዴ ሄጄ አየዋለሁ። እሱ ሲያየኝ የሚቆጣኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም።

ጋንቾ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሞተ ብዬ ስላወራሁ አለኝ። ቸኮሌት ሰጠኝ። ጠጉሬም መብቀል ጀምሯል፣ አክስቴ እንደ ጫጩት ነው ትላለች።

አውቶቡሱ ሲደርስ መጥቼ ልቀበልህ? ብቻዬን ነው የምመጣው። ኳስ አልይዝም።

አክስቴ ስለ ጣሪያው ነግራኛለች። ሌላውን ሁሉ ነገረችኝ፣ አንዱን ግን አላውቅም አለች። በስልክ ልጠይቅህ ፈልጌ አፈርኩ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ስትመጣ ትነግረኛለህ።

አባዬ፣ በጣም አሞህ ነበር?

ቬሊን